ለሐምሌ ገብርኤል ሀዋሳ፣ እማዬን ይዤ ያለ መኪና እንዴት ልሂድ?

ቤዛ_ሳሪስ (ሐምሌ 8)

ሰላም ናችሁ ሰዎች፣ በተለይ የሀዋሳ ልጆች። እማዬ ዘንድሮ ለሐምሌ 19 ሀዋሳ ገብርኤል ካልወሰድሽኝ ብላ ይዛኛለች። ስለት አለባት፣ የምን ስለት እንደሆነ እኔ ልጇም አልተነገረኝም ብቻ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ትልቅ የቤተክርስቲያን ጃንጥላ ተገዝቶ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ቆሟል። ቤታችን መኪና የለም፣ ወንድሜ የጓደኛዬን መኪና አመጣለሁ ሲል ከርሞ አሁን ስልክ አያነሳም፣ ስለዚህ በህዝብ ትራንስፖርት ነን ማለት ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እማዬ 67 ዓመቷ ነው ጉልበቷን ያማታል፣ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው መኪና ላይ ስትወጣ እኔ ከኋላ መግፋት አለብኝ፣ ስኳርም ስላለባት ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ትፈልጋለች ደሞ ለሰው መናገር ታፍራለች። እኔ ራሴ ሀዋሳን ማውቃት አንዴ የጓደኛዬ ምርቃት ላይ ሄጄ ነው፣ ያኔ ከዩኒቨርስቲው ዋና ግቢ ወደ ሃይቁ ባጃጅ ይዘን ሹፌሩ የጠየቀንን ዝም ብለን ከፈልን፣ ማታ ሌላ ልጅ ለዛው መንገድ የከፈለውን ሲነግረን አፍረን እኛ የከፈልነውን እንኳን አልተናገርንም። እውቀቴ እዛ ላይ ያበቃል።

እና ከሳሪስ ተነስተን በትልቁ ባስ ነው ወይስ ቃሊቲ ሄደን ሚኒባስ ነገር ነው ሚሻለን? ሀዋሳ ላይስ የት ነው ሚያወርዱን፣ ከዛ ገብርኤል በእግር ነው በባጃጅ፣ ባጃጁ ያቺን ጃንጥላ ያስገባል? በንጋታው ደሞ ሃይቁን ላሳያት አስቤያለሁ፣ ኖራ ኖራ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። አልጋ ችግር የለም የአክስቴ ልጅ እዛው ሀዋሳ አቶቴ ሰፈር ትኖራለች። በረራ አለ እንዳትሉኝ አውቃለሁ፣ ኪሳችን ግን አያውቅም።


ፒያሳ_ዘሀዋሳ

ስለ ጃንጥላው አትጨነቂ፣ በገብርኤል ሰሞን ጃንጥላ ያልጫነ ባጃጅ ፈልገሽም አታገኚ። ቲኬቱን ግን ዛሬ ማታ ቁረጪ። ነገ አትበይ። 17 እና 18 ቀን መናኸሪያ ቆሞ መኪና የጠበቀ ሰው ምን እንደሚመስል እኔ ልንገርሽ፣ ልክ የኮንዶሚኒየም እጣ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።


ጡረተኛው_ሹፌር

ልጄ ቤዛ፣ እኔ በዚህ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ፣ መጀመሪያ ቅጥቅጥ በኋላ ትልቁን ባስ። የማውቀውን ልንገርሽ፣ የቀረውን የሀዋሳ ልጆች ይጨምሩበት።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን፣ ቆቃን፣ መቂን፣ ዝዋይን እያልን በየከተማው ፍሬን እየያዝን ነበር፣ መቂ ላይ ተሳፋሪው ቲማቲም ካልገዛ አይንቀሳቀስም፣ ዝዋይ ላይ ደሞ አሳ። አሁን ግን ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ ይደረስና ከሞጆ ደግሞ አዲሱ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ይወስዳል፣ ዝዋይ ማለት ነው ባቱ። ከባቱ በኋላ ያው የድሮው መንገድ ነው፣ ጋሪው አህያው ከብቱ እንዳለ ነው፣ ላንጋኖን በግራ እያየሽ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ፣ ከዛ 25 ኪሎ ሜትር ሄደሽ ጥቁር ውሃን ስትሻገሪ ሀዋሳ ገባሽ።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለእናትሽ ሽንት ቤት ብዬ ነው። የፍጥነት መንገድ ላይ ሹፌሩ እንደ ድሮው የትም ዳር ይዞ አያወርድሽም፣ ከገባ ገባ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እዛው መናኸሪያ ትጠቀም፣ ከዛ ደግሞ ገና ስትገቡ ለረዳቱ ሳይሆን ለሹፌሩ ንገሪው። "አባባ እናቴ ስኳር አለባት፣ ከፍጥነት መንገዱ ስንወጣ አንድ አምስት ደቂቃ ትቆምልናለህ?" በይው። ረዳት ሺህ ነገር ያስባል ይረሳል፣ ሹፌር ግን እናት ሲባል ልቡ ይራራል፣ እኔ በራሴ አውቀዋለሁ። እሷ ታፍራለች ካልሽ ቀድመሽ አንቺ ተናገሪላት።

ዶልፊኑን፣ ሚኒባሱን ማለቴ ነው፣ በተመለከተ። ዝቅ ያለ ነው ለጉልበቷ መውጣቱ ይቀላል እሱን አልክድም። ግን ልጆቹ ይቸኩላሉ። ምልልስ ለማብዛት የሚነዱት አነዳድ ለኔ አይጥመኝም፣ መሃል ላይ ደሞ በርጩማ ዘርግተው ትርፍ ይጭናሉ እናትሽ እግሯን የምትዘረጋበት አታገኝም። ትልቁ ባስ ደረጃው ከፍ ቢልም አንዴ ነው የምትወጣው፣ እሱን ገፍተሽ ታስገቢያታለሽ፣ ከዛ በኋላ ምቾት ነው። ወንበር ስትመርጪ ከፊት ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ መስመር፣ በመተላለፊያው በኩል፣ ጎማ ላይ ያለውን ወንበር አትቀበይ እግር አያስዘረጋም ይነጥራልም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ "ሀዋሳ ሀዋሳ" ብሎ የጠራሽ ሁሉ ሀዋሳ አይሄድም። ሻሸመኔ ድረስ የሆነ መኪና ሀዋሳ ብሎ ጭኖ ሻሸመኔ ላይ ለሌላ መኪና ያስረክብሻል። ለወጣት ምንም አይደል፣ ለእናትሽ ግን ከነጃንጥላዋ ሁለተኛ መውረድ መውጣት ነው። "ቀጥታ ነው?" ብለሽ ጠይቂ፣ "ቀጥታ ነው እናቴ ግቢ" ካለሽ ታፔላውን እይ።


ሊሊ_አምስት_ሰዓት

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው እኔም ትልቁ ባስ እላለሁ፣ ሰላም ባስም ስካይ ባስም ሀዋሳ ይሄዳሉ ሌሎችም አሉ። ግን ስለ ሰዓት ልናገር ስሜም ከዛ የመጣ ነው።

አምና የሆነ ድርጅት ነው ስሙን ልተወው፣ ቲኬት በስልክ ቆረጥኩ ቲኬቱ ላይ 05፡30 ይላል። እኔ ምን አሰብኩ፣ አምስት ሰዓት ተኩል። አሪፍ ነው ተኝቼ እነሳለሁ ቁርሴን በልቼ እሄዳለሁ ብዬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቢሯቸው ስደርስ የምታጸዳ ሴትዮ ብቻ አለች፣ "የቱ ባስ?" አለችኝ "የሀዋሳው" ስላት መጥረጊያዋን አቁማ እንዴት እንዳየችኝ አልረሳውም። "የኔ ልጅ እሱማ አሁን ሻሸመኔ ሊደርስ ነው።" በፈረንጅ ሰዓት ነው ለካ! ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ብሩም አልተመለሰም። እና ቲኬትሽ ላይ ያለውን ሰዓት ደውለሽ አረጋግጪ፣ "ሌሊት ነው ቀን?" ብለሽ። ሞኝ ትመስያለሽ ግድ የለም።

ሌላ ደሞ፣ የሳሪስ ልጅ ነሽ አይደል፣ ትልልቆቹ ባሶች ብዙዎቹ የሚነሱት መስቀል አደባባይ አካባቢ ነው፣ አንቺ በሌሊት ታክሲ ይዘሽ ወደ ኋላ መስቀል አደባባይ ሄደሽ ትሳፈሪና መልሶ በሰፈርሽ በኩል ይዞሽ ያልፋል። ቃሊቲ ላይ ያነሱኝ እንደሆነ ብለሽ ቲኬት ስትቆርጪ ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ። ቀላል ባቡሩን ደሞ ተስፋ አታድርጊው በዛ ሰዓት አይሰራም።


ባጃጅ_ላይ_አደግሁ

የሀዋሳ ልጅ ነኝ፣ ስለ መንገዱ ተነግሯል እኔ ስለ ከተማው ልጻፍ፣ ስለ ባጃጅ ደሞ ዝም ማለት አልችልም ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሀዋሳ ባጃጅ ዘረፈኝ ይላል እና ራሱ ኮንትራት ይዞ ነው!

ስሚኝ ቤዛ። ሀዋሳ ላይ አንድ ባጃጅ ሁለት ነገር ነው፣ በሰው የሚጭን ታክሲ ነው፣ እና ደሞ ኮንትራት ነው፣ የቱ እንደሆነ የሚወስነው አንቺ አፍሽን የምትከፍቺበት አከፋፈት ነው። "ወንድም ገብርኤል በስንት ታደርሰኛለህ?" ካልሽ አለቀ፣ ኮንትራት ጠየቅሽው፣ እሱም ሻንጣሽን አይቶ ጫማሽን አይቶ ይጠራልሻል። የኛ ሰው እንደዛ አይልም። አስፋልቱ ዳር ትቆሚያለሽ፣ ባጃጅ ሲመጣ እጅ ታሳያለሽ፣ ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ "ገብርኤል" ነው የሚባለው በቃ፣ አንዲት ቃል። መንገዱ ከሆነ ይቆማል ካልሆነ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ እየሄደ ሌላ ሰው ይጭናል፣ ስትደርሺ "ወራጅ" ብለሽ እንደ ሰው ትከፍያለሽ። ባዶ ባጃጅ ከሆነና ከተጠራጠርሽ ከመግባትሽ በፊት "በሰው ነው አይደል?" በይ፣ ሶስት ቃል ናት ግን ኪስሽን ታድናለች። ያኔ ለምርቃት የመጣችሁ ጊዜ እናንተ አራት ሆናችሁ ሳቅ በሳቅ "ሃይቅ በስንት?" ብላችሁት ይሆናል፣ እሱ ምን ያድርግ።

ዋጋ አልጽፍልሽም ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ይቀየራል ዛሬ የጻፍኩት ነሐሴ ላይ ውሸት ይሆናል። የአክስትሽን ልጅ ጠይቂያት፣ ወይ ደሞ አጠገብሽ ያለው ሰው ሲከፍል አይተሽ ያንኑ ክፈይ፣ ዝርዝር ብር ይዘሽ ውጪ ብቻ። ትልቅ ብር አውጥተሽ "መልስ የለኝም" ሲልሽ ያኔ ነው ክርክሩ ሚጀምረው። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲሆን ደሞ ዋጋው ሌላ ነው እሱን ሁላችንም እንከፍላለን።

የሆቴል ስም የመስሪያ ቤት ስም አትጥሪለት፣ በሰፈር ምልክት ነው ሚሰራው። ገብርኤል፣ ፒያሳ፣ መናኸሪያ፣ ሪፈራል፣ ዋናው ግቢ፣ አቶቴ፣ ፍቅር ሃይቅ፣ አሞራ ገደል (ሃይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ)፣ ቱላ። ከተማዋ ሜዳ ናት መንገዷም ቀጥ ቀጥ ያለ ነው ብዙ አትጠፊም፣ ገብርኤል አደባባዩ ላይ ቆመሽ ጀርባሽን ለቤተክርስቲያኑ ሰጥተሽ ዋናውን መንገድ ቀጥ ብለሽ ብትሄጂ መጨረሻው ፍቅር ሃይቅ ነው፣ ውሃው ራሱ ያቆምሻል አትስቺውም። ጤነኛ ሰው በእግሩ ይሄደዋል ለእናትሽ ግን ባጃጅ።

ባሱ የሚያወርዳችሁ መናኸሪያ ወይ ትልቁ ባስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የራሱ ቢሮ ጋ ነው፣ ሁለቱም ከገብርኤል ሩቅ አይደለም። ግን አንቺ መጀመሪያ አቶቴ ሂጂ፣ ሻንጣ አስቀምጡ፣ እናትሽ ትረፍ። እንደወረዳችሁ ሻንጣሽን ሊነጥቁ የሚሮጡ የባጃጅ ልጆች አሉ፣ እነሱ ሁሉም ኮንትራት ናቸው፣ መቶ እርምጃ ያህል ወጣ ብለሽ ከአስፋልት የሚያልፈውን ያዢ።

በበዓሉ ቀን ደሞ ይሄን እወቂ፣ ገብርኤል አደባባይ ዙሪያው በሰው ይሞላል መንገድ ይዘጋል ባጃጅ ደጁ ድረስ አይደርስም። ራቅ አድርጎ ነው ሚያወርድሽ። ከዛ በኋላ በእግር ነው፣ እሱም በሰው መሃል በዝናብ፣ ሐምሌ መሆኑን አትርሺ። ስለዚህ እኔ ብሆን ስለቱን 18 ቀን ከሰዓት አስገባና 19 በጣም በሌሊት ሰው ሳይበዛ እናቴን ቦታ አስይዛለሁ።


ቤዛ_ሳሪስ

ወይኔ ተባረኩ! ጋሼ ሹፌሩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማዬ ሳነብላት "እንዲህ ያለ ሹፌር ያግኘን" ብላ መረቀችዎት። ቲኬት ቆርጫለሁ ለ17፣ ሦስተኛ መስመር፣ ሊሊ ደወልኩ ሌሊት ነው! ቃሊቲ ላይ እናነሳችኋለን ብለዋል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ አሞራ ገደል ለመሄድ ለእማዬ ብዬ ኮንትራት ብይዝ ይሻላል ወይስ በሰው? አራት ሰው ሲያጭቁ አይቻለሁ እኮ።


ወርቁ_ታቦር

ባጃጅ ሶስት ሰው ነው በህጉ። ከሹፌሩ አጠገብ የሚቀመጥ የለም።


ፒያሳ_ዘሀዋሳ

ህጉን ለባጃጁ ንገረው ወርቁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሽፍት ሲለቅ ና እና ቁጠር።


ባጃጅ_ላይ_አደግሁ

ኮንትራት ያዢ ቤዛ፣ ለዛች ቀን ብቻ። እኔ ኮንትራት ክፉ ነው አላልኩም፣ ሳታውቂው መያዝ ነው ክፉው። "አሞራ ገደል አድርሰኸን አንድ ሰዓት ጠብቀኸን አቶቴ መልሰን፣ ስንት?" በይ፣ መጠበቁንም መመለሱንም አንድ ላይ ተነጋገሪ፣ መሄጃውን ብቻ ተስማምተሽ ከገባሽ መመለሻው ላይ እሱ ነው ዋጋ ቆራጩ። እና ጠዋት ሂዱ፣ ጠዋት ጀልባዎቹ አሳ ይዘው ሲገቡ ነው ደስ ሚለው። አባ ኮዳዎቹ የሰው ልጅ የሚያክሉ ወፎች ናቸው፣ ኮት እንደለበሰ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ፣ እናትሽ ትደነግጥ ይሆናል ግን አይነኩም። ቆሮሶ ይጠበስላት ከዳጣ ጋር። አምባዛ ካልለመደችው አታስጀምሪያት። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ አለ፣ ቦርሳ ግን ዝጊ፣ ሙዝ ካየ ጦጣው ይመጣል።


ደርሶ_መልስ

ሁላችሁም መሄጃውን ነው ምታወሩት። መሄድማ ሰው በተለያየ ቀን ነው ሚሄደው፣ አንዱ 15፣ አንዱ 17፣ አንዱ 18። መመለሻው ግን ሁሉም 20 ነው! እኔ ሁለት ዓመት በፊት 19 ማታ "ነገ ጠዋት መናኸሪያ እንገናኝ" ብለን በ20 በ12 ሰዓት ስንደርስ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ይዟል፣ ተራ አስከባሪው ድምፁ ጠፍቶ በጣቱ ነው ሚያሳየው። ከታሪፍ በላይ ሲጠይቁ ደሞ ሰው ተስማምቶ ይከፍላል፣ ምን ያድርግ ስራ አለበት። እኛ መጨረሻ ላይ ምን አደረግን፣ በሚኒባስ ሻሸመኔ ሄድን፣ ሻሸመኔ ከየአቅጣጫው መኪና ስለሚያልፍባት ቶሎ አገኘን፣ ሻሸመኔ ላይ ቁርስ እየበላን ሀዋሳ ሰልፍ ላይ ለቀሩት ጓደኞቻችን ፎቶ ላክንላቸው።

ቤዛ መመለሻሽንም አሁን ቁረጪ፣ ከተቻለ ለ21 አድርጊው። መታወቂያ ሁለታችሁም ያዙ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። በጨለማ ደሞ አትነሱ፣ ማታ ላይ "አሁን ምወጣ መኪና አለኝ" የሚል ሰው ቢመጣ እምቢ በዪ ስንትም ቢሆን።


ጡረተኛው_ሹፌር

ይሄ ልጅ ያለው ልክ ነው። ማታ አትነሺ።


ቤዛ_ሳሪስ (ሐምሌ 23)

ተመለስን ሰዎች! እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል።

መሄጃው ላይ ባሱ ቃሊቲ አነሳችኋለሁ ባለበት ሰዓት አልመጣም፣ 35 ደቂቃ ቆምን እማዬ ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ ተደግፋ፣ ያለፈ ሚኒባስ ረዳት ሁሉ "ማዘር ገብርኤል ናችሁ? ግቡ ሀዋሳ ሀዋሳ!" እያለ ሲጎትታት እኔ "ቀጥታ ነው?" ብዬ ስጠይቅ አንዱ "ቀጥታ!" አለኝ፣ ታፔላውን ሳይ አዳማ ይላል። ጋሼ እርስዎን አስታወስኩ። ባሱ ሲመጣ ለሹፌሩ ራሴ ነገርኩት እንዳሉት፣ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "እኔም ስኳር አለብኝ እህቴ፣ አብረን ነው ምንወርደው።" ባቱ ስንደርስ ማይክሮፎን ይዞ "ሽንት ቤት ያለባችሁ አስር ደቂቃ" ሲል ግማሽ ባስ ወረደ፣ ለካ ሁሉም አፍሮ ነው ዝም ያለው። እማዬ ከዛ በኋላ ዘና ብላ ቆሎዋን ስታዞር ሄደች። ላንጋኖ ጋ ስንደርስ "ይሄ ነው ሃይቁ?" ብላ አስር ጊዜ ጠየቀችኝ፣ አይ ገና ነው ስላት "እንግዲያ ስንት ሃይቅ ነው ያለው" አለች።

ባጃጅ ላይ፣ "አቶቴ" ብዬ አንዲት ቃል ተናገርኩ እንደተማርኩት፣ ድምፄ ግን የአዲስ አበባ ድምፅ ስለሆነ ልጁ ፈገግ ብሎ "ኮንትራት ነው?" አለኝ። "በሰው" አልኩ። "ጃንጥላውስ?" አለ። እዚህ ላይ ማንም አላስጠነቀቀኝም! ጃንጥላው ወደ ጎን አይገባም፣ ወደ ላይ ጣራውን ይነካል፣ መጨረሻ ላይ እማዬ መሃል ተቀምጣ ዘንጉ በእግሯ መሃል ቆሞ ጫፉ በጎን ወጣ፣ አንዲት ተማሪ ደሞ ከጎናችን ገብታ ዘርፉ ፊቷ ላይ እየተወዛወዘ እስክትወርድ ድረስ በእጇ ይዛልን ሄደች። ሂሳብ ስሰጠው የጃንጥላውን አልጠየቀም፣ የሰው ብቻ ነው የወሰደው። እማዬ ወርዳም ስትመርቀው ነበር።

በዓሉን ምን ልበላችሁ። 18 ከሰዓት አስገባን ስለቱን፣ ምክራችሁ ልክ ነበር ምክንያቱም በ19 ያ ጃንጥላ በዛ ሰው መሃል አይታሰብም ነበር። 19 ሌሊት በ9 ሰዓት ወጣን፣ ባጃጁ ራቅ አድርጎ ነው ያወረደን እውነት፣ ግን በዛ ሰዓት መንገዱ ሁሉ ነጭ ነጠላ ስለሆነ እማዬ ጉልበቷን ረሳችው መሰለኝ ከኔ ቀድማ ነው ስትሄድ የነበረው። ታቦቱ ሲወጣ ዝናቡ መጣ ማንም አልተነቃነቀም። በጃንጥላዎቹ መሃል የሷን እየፈለገች ነበር፣ "ያውና ያውና" ትለኛለች፣ ሁሉም አንድ አይነት ናቸው እኮ።

በ20 አሞራ ገደል። ኮንትራቱን ከነመጠበቁ ተነጋገርኩ፣ ልጁ ግን አንድ ሰዓት ያልነው ሁለት ሰዓት ሲሆን ምንም አላለም፣ ጭራሽ እሱም መጥቶ አብሮን አሳ በላ እማዬ ናት "ና ልጄ ብላ" ብላ የጠራችው። አባ ኮዳውን ስታይ "ይሄማ የገንዘብ ቤት ዘበኛ ነው ሚመስለው" አለች። ውሃው ጋ ወርዳ እጇን ነከር አድርጋ ፊቷን ታጠበች፣ ከዛ ዝም ብላ ብዙ ተቀመጠች፣ እኔም ዝም አልኩ።

መመለሻው 21 ቀን በሰላም ነው፣ ቲኬቱን ቀድሜ ስለቆረጥኩ ሰልፉን በመስኮት ነው ያየሁት። ደርሶ መልስ አመሰግናለሁ። ብቸኛው መጥፎ ነገር የፍጥነት መንገዱ ስለሆነ መቂ ላይ ቲማቲም ሳንገዛ ማለፋችን ነው፣ እማዬ እስከ ዛሬ ትቆጫለች።

እና አሁን አዲስ ነገር ጀመረች። ለታህሳስ ቁልቢ ትላለች። ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ይኬዳል ሲባል ሰምታ፣ ባቡሩ ላይ ሽንት ቤት አለ ወይ ብላ ጠይቂልኝ ብላኛለች።


ሊሊ_አምስት_ሰዓት

አለው። ከለቡ ነው ሚነሳው፣ እና ሰዓቱን ደውለሽ አረጋግጪ!!


ፒያሳ_ዘሀዋሳ

ቁልቢን አዲስ ፖስት ክፈቺለት ቤዛ፣ የድሬ ልጆች እዚህ አይገቡም። ጃንጥላ ግን በድጋሚ ተገዛ እንዴ?


ቤዛ_ሳሪስ

ከቁምሳጥኑ ጀርባ አንድ አንሶላ ቆሟል፣ አልጠየቅኳትም።